ስለ አንድ የጦር ሠራዊት የእጅ ሰዓት አመጣጥ

የታሪክ ምስክር በብራና ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ አይደለም። ሰው ሠርቶ የተገለገለበት ዕቃ ሁሉ፣ ምልክቱን ለሚያነብለት፣ የተሠራበትን አገርና ዘመን ይናገራል። ይህን ለማለት ያበቃን፣ ጡረታቸው የተቃረበ አንድ የሥራ ባልደረባችን ከአባታቸው የወረሱትን የእጅ ሰዓት አምጥተው ምንጩን እንድንመረምርላቸው መጠየቃቸው ነው። በቤተ ዘመዱ ሲነገር እንደ ኖረው፣ አባታቸው አርበኛ ነበሩና በ1933 ዓ.ም. በድሉ ወራት አንድ የእንግሊዝ መኮንን ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሸልሟቸዋል።

እኛም አስቀድመን መልኩን ተመለከትን። ገጹ ጥቁር፣ አኃዞቹ ነጭ፣ የሰኮንድ መቍጠሪያውም በ6 ቍጥር በኩል በትንሽ ክብ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ነው። በገጹ ላይ ሰፊ የቀስት ምልክት አለበት። ይህ ቀስት የእንግሊዝ መንግሥት ለብዙ መቶ ዓመታት ንብረቱን ሲለይበት የኖረ ማኅተም ነው። ይሁን እንጂ ቀስቱ ባለቤቱን እንጂ ሠሪውንም ዘመኑንም አያስታውቅም፤ ለዚህ የጀርባውን ክዳን ማንበብ ያስፈልጋል።

በክዳኑ ላይ ቀስቱ በድጋሚ ታትሟል፤ ከእርሱም ጋር ሦስት የ«ደብልዩ» ፊደሎችና በ«ዋይ» ፊደል የሚጀምር ቍጥር ተቀርጸዋል። ሦስቱ ፊደሎች «ውሃ የማያስገባ የእጅ ሰዓት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ አኅጽሮት ናቸው። «ዋይ» ደግሞ በዚህ ዐይነት ሰዓት ላይ የኦሜጋ ፋብሪካ መለያ ነው። የእንግሊዝ ጦር አንድ ደንብ አውጥቶ ሰዓቱን ለ12 ሠሪዎች አዘዘ፤ እነርሱም ቡረን፣ ሲማ፣ ኤተርና፣ ግራና፣ ዤገር ለኩልትር፣ ሌማኒያ፣ ሎንዢን፣ አይ ደብልዩ ሲ፣ ኦሜጋ፣ ሪከርድ፣ ቲሞርና ቨርቴክስ ናቸው። ኦሜጋ ብቻውን ወደ 25,000 ያህል አስረክቧል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዓቶች ለሠራዊቱ የደረሱት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945፣ ማለት በእኛ በ1937ና በ1938 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ይህ ሰዓት ለሠራዊቱ ገና አልታደለም ነበር። በዚያን ጊዜ ለእንግሊዝ ወታደር ይታደል የነበረው ሰዓት በጀርባው «ኤ.ቲ.ፒ.» የሚል ጽሕፈት ያለበት ነው።

ምናልባት ክዳኑ ተለውጦ ይሆን ብለን ጠረጠርን፤ የሠራዊት ሰዓት ሲታደስ አካላቱ ይለዋወጣሉና። ስለዚህ ወደ ሰዓት ሠሪ ወስደን አስከፈትነው። የገጹ ቅብ ራድየም ያለበት ነው፤ ብርሃኑ ቢጠፋም የራድየሙ ግማሽ ለማለቅ 1,600 ዓመት ያህል ስለሚፈጅ እንዲህ ያለውን ሰዓት ማንም በቤቱ ሊከፍተው አይገባም። የውስጡም መኪና 30 ቲ 2 የተባለው፣ በ15 ድንጋይ የሚሠራው የኦሜጋ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ገጹ፣ ክዳኑና መኪናው ሦስቱም በአንድ ቃል መሰከሩ።

ባልደረባችን ይህን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ አባቴ ዋሽተውን ኖረዋል ማለት ነው?» አሉን። እኛም እንዲህ ስንል መለስንላቸው፤ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን የኢትዮጵያን ጦር እስከ 1943 ዓ.ም. ሲያሠለጥን ቈይቷል፤ አባትዎም ከድሉ በኋላ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ አገልግለዋል። ስጦታው በእነዚህ ዓመታት ተሰጥቶ፣ የኋላው ነገር ከፊተኛው ጋር በቤተሰቡ ትዝታ ተቀላቅሎ ይሆናል። ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። አርበኝነታቸው ግን በሰዓት የቆመ አይደለምና ሰዓቱ ሊያፈርሰው አይችልም።

እንዲህ ያለ ቅርስ በእጃቸው ያለ ወገኖቻችን ምልክቱን ፍቀው እንዳያጠፉት፣ ከሽማግሌ የሰሙትንም ሳይዘገዩ እንዲጽፉት እናሳስባለን። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ለዚህ ነው። ባልደረባችንም ሰዓቱን እጃቸው ላይ አሥረው ሄዱ።