ሲሶ ከእርቦ ይበልጣል፦ የመምህራን ሥልጠና የረሳው ነገር

ጥቁር ሰሌዳ ላይ 1/3 እና 1/4 ተጽፎ «የቱ ይበልጣል?» ተብሎ የተጠየቀ የአራተኛ ክፍል ልጅ «1/4» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። እስከዚያች ቀን ድረስ የተማረው ሁሉ 4 ከ3 እንደሚበልጥ ነው። ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ሕጉ በድንገት ይገለበጥበታል፤ ለምን እንደተገለበጠ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ደግሞ ከሒሳብ ጋር መቀያየም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስሕተቱ የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ አገር አቀፍ ምዘና፣ የ13 ዓመት ልጆች 12/13 እና 7/8 ሲደመሩ ለየትኛው ቁጥር እንደሚቀርቡ ተጠይቀው ነበር። ሁለቱም ለ1 የቀረቡ ስለሆኑ መልሱ 2 ነው። ይህን ያገኙት ከአራቱ አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 19 ወይም 21 ብለው መለሱ፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው መሆኑ ነው።

የሚገርመው ግን የመካነ ሰላም፣ የሳይንት ወይም የወግዲ ልጅ ቅድመ አያት ይህን የማይሳሳቱ መሆናቸው ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ በእኩል፣ በሲሶ ወይም በእርቦ ይዋዋል ነበር። በእኩል ያረሰ ከምርቱ ግማሹን፣ በሲሶ ያረሰ ከሦስት አንዱን፣ በእርቦ ያረሰ ከአራት አንዱን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ፊደል ያልቆጠረ አራሽ እርቦ ከሲሶ እንደሚቀል ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገውም። አሥራት ከክፍፍሉ በፊት የሚነሳ ከሆነም ሒሳቡን በአውድማው ላይ ይሠራዋል፦ ከ10 ቁና 1 ለአሥራት፣ ከቀረው 9 ሲሶው 3፣ ለቤቱ 6። ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍ «የክፍልፋይ ብዜት» የሚባለው ይኸው ነው።

እውቀቱ በእርሻ ላይ ብቻ አልቀረም። ወሎ መስጊድና ደብር ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። በሸሪዓ የውርስ ሕግ ልጅ ያለው ሰው ሲሞት ሚስቱ ስምንተኛውን፣ እናቱ ስድስተኛውን ትወስዳለች፤ ቀሪውን ለማከፋፈል ሸኹ ስምንተኛንና ስድስተኛን ወደ አንድ የጋራ ታህት ማምጣት አለበት። 24 ላይ ይገናኛሉ፦ ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ቀሪው 17። በአቅራቢያው፣ በሳይንት፣ እንደ ተድባበ ማርያም ያሉ ጥንታውያን አድባራት ባሉበት አገር የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀኑን በ60 ኬክሮስ ይከፍላሉ። ዓመቱ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ነው። 15 ከ60 ሩብ ነው፤ ሩቡ አራት ዓመት ሲጠራቀም ሙሉ ቀን ይሆንና ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ታገኛለች። የመንግሥት ገንዘብ ሳይቀር በክፍልፋይ ይጠራ ነበር፤ አላድ የብር ግማሽ ነው፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ማቶኛ ደግሞ ስሙ ራሱ «መቶኛ» ማለት ነው።

እንዲህ ያለ አገር ላይ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ይህ ሁሉ እውቀት ከበር ውጪ ቀረ። ልጁ በቤቱ የሚሰማውን «ሲሶ» ሰሌዳው ላይ ካለው 1/3 ጋር የሚያገናኝለት አላገኘም። ማገናኘት የነበረበት መምህሩ ነው። መምህሩን ግን ማን አሠለጠነው? ምን ብሎስ አሠለጠነው?

ባለፉት 30 ዓመታት አገሪቱ ለመምህራን ሥልጠና ያላፈሰሰችው ገንዘብ፣ ያልሞከረችው መንገድ የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰርተፍኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚያስተምር ዲፕሎማ ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ ለሁሉም ዲፕሎማ ተጠየቀ፤ ሰርተፍኬት የያዙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን በክረምትና በርቀት ትምህርት «ደረጃ ማሻሻል» ጀመሩ። ለምዕራብ ደቡብ ወሎ መምህር ይህ ማለት በሐምሌ ጭቃ ደሴ ድረስ ወርዶ ክረምቱን በኮሌጅ ማሳለፍ ወይም ሞጁል ተሸክሞ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሬዲዮውም በየክፍሉ ገባ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ፕላዝማ መጣ፤ በሳተላይት የሚተላለፍ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተሰጠ፣ መምህሩም ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደቂቃ ተተወለት። በ2002 ዓ.ም. ማዕቀፍ መሠረት ደግሞ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ እንዲወስድ ተወሰነ። «ተሙማ» የሚለው ምህጻረ ቃል በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ሆነ፤ በብዙ ቦታም የሚሞላ ቅጽና የሚደረደር ፋይል ሆኖ ቀረ።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። መልእክቱ የሚሄድበት መስመር ተቀያየረ እንጂ የሚጫነው ዕቃ ብዙም አልተቀየረም። ዕቃው ስለ ደረጃ፣ ስለ «ተማሪ ተኮር» ዘዴ፣ ስለ ዕቅድ አወጣጥ ነበር። አንድ ልጅ ለምን 1/2 + 1/3 = 2/5 እንደሚል፣ ይህን ሲል መምህሩ ምን ቢያሳየው እንደሚገባው የሚያወያይ ሥልጠና ግን ብርቅ ነው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ አሳይታለች። 23 የአሜሪካና 72 የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን 1 ከ3/4ን ለ1/2 እንዲያካፍሉ፣ ከዚያም ስሌቱን የሚገልጽ ታሪክ እንዲፈጥሩ ጠየቀቻቸው። ከአሜሪካውያኑ ስሌቱን በትክክል የጨረሱት ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ ትክክለኛ ታሪክ የፈጠረው አንድ ብቻ ነው። ቻይናውያኑ ሁሉም አሰሉት፣ 90 በመቶ የሚሆኑትም ታሪኩን አገኙ። አሜሪካውያኑ ባለ ዲግሪ ናቸው። ቻይናውያኑ ግን አብዛኞቹ ከ9ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት የሠለጠኑ ናቸው፤ በእኛ አነጋገር ከ10+3 ያልበለጡ። ልዩነቱን ያመጣው መማሪያ መጽሐፉን አብረው ማጥናታቸው፣ ነገ የሚያስተምሩትን ትምህርት ዛሬ ከባልደረባ ጋር መፈተሻቸው ነው።

አሁን የኦንላይን ሥልጠና ዘመን ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ትምህርት ለማዳረስ ተሞከረ፤ ስማርት ስልክና ኔትወርክ ያለው የከተማ ልጅ ተጠቀመ፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለው ቀረበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጠፍቶ ቆየ። ጦርነቱም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አስቀረ። በዚህ መሃል «ሥልጠናው ሊንኩ ላይ አለ» ማለት ለቦረና ወይም ለመሃል ሳይንት መምህር ዓባይን ያለ ድልድይ ተሻገር እንደማለት ነው።

ይህ ማለት ኦንላይን ሥልጠና አይረባም ማለት አይደለም። ያው ስልክ ኔትወርክ ባለበት ቀን ወርዶ በሌለበት ሳምንት የሚከፈት ትንሽ ፋይል፣ ከስልክ ወደ ስልክ በሜሞሪ ካርድ የሚዞር የአሥር ደቂቃ ድምፅ ሊይዝ ይችላል። በየአካባቢው ያለው የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማዕከልም መምህራን የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። የቀረው ዕቃውን መምረጥ ነው፦ አንድ ስሕተት፣ አንድ የልጅ ደብተር፣ አንድ ጥያቄ። «ሲሶና እርቦ ያረሱ ሁለት ገበሬዎች እኩል 12 ቁና ቢያመርቱ ለባለመሬት ብዙ የሚሰጠው ማነው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍል የገባ መምህር፣ 1/3 ከ1/4 የሚበልጥበትን ምክንያት ልጁ ከአያቱ ሰምቶ እንዲመጣ ማድረግ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ከ30 ተማሪ አንድ ማለት ነው። ብዙዎች ጥፋቱን 12ኛ ክፍል ላይ ፈለጉት። እነ ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካና በእንግሊዝ መረጃ ላይ ተመሥርተው ያሳተሙት ጥናት ግን፣ አንድ ልጅ በ10 ዓመቱ ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል የነበረው እውቀት በሁለተኛ ደረጃ የሚኖረውን የሒሳብ ውጤት እንደሚጠቁም አሳይቷል። የ12ኛ ክፍሉ ውድቀት ሥር አራተኛ ክፍል ድረስ ይወርዳል።

ስለዚህ ቀጣዩ የመምህራን ዲጂታል መድረክ በአዳራሽ ሲመረቅ፣ ስንት መምህር እንደተመዘገበና ስንት ሰርተፍኬት እንደታተመ ይነገረን ይሆናል። የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው፦ የመካነ ሰላም ገጠር የአራተኛ ክፍል መምህር ኔትወርክ በሌለበት ሰኞ ጠዋት፣ «1/4 ይበልጣል» ለሚለው ልጅ የሚመልሰው ምን ይዞ ክፍል ይገባል?