የመምረጥ ሸክም፦ ነርሶች በ1977 ዓ.ም. ረሃብ

ከወልድያ ወደ መቀሌ የሚያመራው መንገድ የቆቦን ሜዳ አቋርጦ አላማጣ ይደርስና የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ኮረም ይገባል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ስትሆን ኮረም ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። ይህ ልዩነት በ1977 ዓ.ም. ከራያ ቆላ እርዳታ ፍለጋ ዳገቱን ለወጣ ሰው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። በረሃብ የመነመነ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ ይሳነዋልና፣ ብርድ ልብስ ባልነበረበት ሌሊት ሕፃናቱን የጨረሳቸው የምግብ እጦት ብቻ ሳይሆን ቁሩም ጭምር ነው። በተጨናነቀው መጠለያ ቅማል ተስቦንና ግርሻን አዛመተ፤ ኩፍኝም በላዩ ተጨመረ።

መንገዱ ለረሃብ እንግዳ አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወቅትም የወሎ ገበሬ ወጥቶ የተሰለፈው በዚሁ ጎዳና ዳር ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ያን ጊዜ ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል እንደነበረ ማመልከታቸው፣ ረሃብ ሁልጊዜ ከእህል መጥፋት እንደማይመጣ ለማስረዳት ጠቅሟቸዋል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚን የቀረፀው፣ ማይክል በርክ የዘገበው የኮረም ፊልም በቢቢሲ ከተላለፈ በኋላ፣ የዚያ ዘመን ታሪክ በአብዛኛው የጋዜጠኞች፣ የዘፋኞችና የመንግሥታት ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። ሕሙማኑን በእጃቸው የዳሰሱት ነርሶች በትረካው ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኙም። ከእነዚህ አንዷ በመቀሌ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ የነበሩት ሲስተር ክሌር በርቺንገር ናቸው።

በሳቸው የምገባ ጣቢያ ሊጨመሩ የሚችሉት ሕፃናት ከ60 እስከ 70 ሲሆኑ፣ በደጅ ተሰልፈው የሚጠብቁት ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ማን እንደሚገባ የሚወስን ሐኪም ወይም ኮሚቴ በአጠገባቸው አልነበረም። ሲስተር ክሌር በሰልፉ መካከል እየተመላለሱ የተመረጠውን ሕፃን በቀለም ምልክት ያደርጉበት ነበር። በእጅጉ የደከመው፣ ምግብ ቢያገኝም የማይተርፈው፣ ይታለፋል። ከሕክምና አመክንዮ አንጻር ይህ የታወቀ የድንገተኛ አደጋ አሠራር ነው፤ ነገር ግን አሠራሩ በመማሪያ መጽሐፍ ሲነበብና እናት ልጇን ወደ ፊት ዘርግታ ስታሳይ አንድ አይደለም። ደግሞም የውጭ አገር ነርስ ብቻዋን አልሠራችም፤ የመዘነ፣ ያበሰለ፣ የተሸከመ፣ እምቢታውንም በእናቲቱ ቋንቋ የተናገረ የአገሬው ሠራተኛ ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. 1984 አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሩ ጄምተን ስለ ነርሶች ሥነ ምግባር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነርሷ ትክክለኛውን እያወቀች ተቋማዊ እንቅፋት እንዳትፈጽመው ሲያግዳት የሚደርስባትን ሥቃይ የሞራል ጭንቀት ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ በነርሶች ገጠመኝ ላይ የተሠራው ምርምር ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሜሪ ኮርሊና ባልደረቦቿ መለኪያ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ትርጓሜው ለመቀሌው ደጃፍ ይጠብበታል። ጄምተን የታገደ ትክክለኛ ተግባር አለ ብለው ይነሳሉ፤ እዚያ ግን የሚታገድ ትክክለኛ ተግባር አልነበረም። የትኛውም ምርጫ ሌላውን ሕፃን ይጥላል። የአብዛኛው መለኪያ መነሻ የበለጸጉ አገሮች ሆስፒታል መሆኑ ለዚህ ሳያስተዋጽኦ አልቀረም።

ሲስተር ክሌር ስለዚያ ምርጫ ለብዙ ዓመታት ዝምታን መረጡ። ሃያኛ ዓመቱ ሲቃረብ ከማይክል በርክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ሕዝቡ ይጠላኛል ብለው ፈርተው ነበር፤ የጠበቃቸው ግን ሞቅ ያለ አቀባበል ነው። በኋላም በለንደን የሐሩር ክልል ነርሲንግ ትምህርትን በኃላፊነት መርተዋል።

ለደጃፉ መጥበብ መልስ የሰጠው የሕክምናው መለወጥ ነው። ቀድሞ በጠና የተጎዳ ሕፃን ማዕከል ውስጥ ተኝቶ፣ ቀንና ሌሊት በየጥቂት ሰዓቱ በነርስ እጅ መመገብ ነበረበት፤ ስለዚህ የአልጋና የነርስ ቁጥር የሚድነውን ቁጥር ይወስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በኦቾሎኒ ላይ የተመሠረተው ዝግጁ ምግብ፣ በተለምዶ ፕላምፒናት የሚባለው፣ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሐዲያ በተመላላሽነት ከታከሙ 170 ሕፃናት 85 በመቶው ማገገማቸውን፣ 4 በመቶው መሞታቸውን ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በላንሴት መጽሔት አስነበቡ። ከዚያ በኋላ ሕክምናው ወደ ጤና ኬላ ወርዶ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ገባ።

ዛሬ የክንድ መለኪያው ቀይ ሲያሳይ፣ ማለትም ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን፣ ሕፃኑ ይመዘገባል እንጂ አይታለፍም። ይህ የሚሆነው ምግቡ በመጋዘን ሲኖርና ኬላው ክፍት ሲሆን ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ጨምሮ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ፣ የዞኑ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። እሽጉ ያለቀበት ባለሙያ እንደገና ከሰልፉ ፊት ይቆማል።