ሰንበት በጨለማ፣ ጧፍ በሥራ ቀን

ልጆቼ፣ እናንተ አርብ ማታ እናታችሁ ሻማ ስታበራ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ «አያቶቻችን ጎንደር ሳሉ ሻማ አያበሩም ነበር ይባላል፤ ታዲያ ሰንበትን አያውቁም ነበር ወይ?» ትላላችሁ። አንዳንዱም ይኼን ሲሰማ ያፍራል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

በእኛ መንደር፣ በወገራ፣ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ሁሉ ይጠፋል፤ ፍም እንኳ አይቀርም። ኦሪት በሰንበት ቀን በቤት ውስጥ እሳት እንዳይነድ ያዛል፣ አባቶቻችንም ቃሉን እንዳለ ያዙት። ወንዝ ወርደን ታጥበን፣ የጸዳ ልብስ ለብሰን፣ ሰንበትን በጨለማ ነበር የምንቀበላት። ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ቡና አይፈላም። ጨለማው ራሱ ማክበሪያችን ነበር።

እንዲህ ሲባል ግን ሻማ አናውቅም ነበር ማለት አይደለም። በሥራ ቀን ጧፍ እናበራለን። ቄሳችን ዘንድ ግእዝና ኦሪት ስማር፣ ሌሊት ለጸሎት ሲነሱ የሚያበሩትን ጧፍ የምንሠራው እኛ ተማሪዎቹ ነበርን።

ሰሙ የሚገኘው ከሰፈፍ ነው። ማሩ ተጠልሎ የቀረውን ሰፈፍ በውኃ ቀቅለን በጨርቅ እናጠለዋለን። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ተንሳፎ ይረጋል፤ ከሥሩ የያዘውን ዝቃጭ በቢላ እንፍቃለን። ማር ወይም ውኃ የቀረበት ሰም ሲበራ ይንጣጣል። ቄሳችን ጧፉ ሲንጣጣ ከሰሙ ቀና ብለው እኛን ያዩናል፤ ሌላ ቁጣ አያስፈልግም ነበር።

ክሩ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነው፤ እናጥፈውና እንገምደዋለን። ክሩ ከወፈረ ይጨሳል፣ ጥቀርሻ ያወጣል። ከቀጠነ ደግሞ የቀለጠው ሰም ያሰጥመውና ይጠፋል። መጀመሪያ ክሩ ሰሙን እስኪጠግብ ይነከራል፤ ከዚያ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ መንከር ነው። ሰሙ ከመጠን በላይ ከጋለ ፊተኛውን ሽፋን አቅልጦ ይወስደዋል፤ ከበረደ ደግሞ ጧፉ እብጥብጥ ይላል። ለስለስ እንዳለ በእንጨት ላይ በመዳፍ ሲያንከባልሉት ቀጥ ይላል። ቶሎ ይድረስልኝ ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚከተው ሰው ይሰነጠቅበታል።

የሰንበት ዋዜማ መብራት የመጣው ከውጭ ነው። ፋይትሎቪች የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ እኛ ከመጣ በኋላ፣ እሱና ተማሪዎቹ የሌላው ዓለም አይሁድ የሚያደርገውን አስተማሩ። በ1955 ደግሞ ከእኛ ልጆች የተወሰኑት ወደ እስራኤል፣ ወደ ክፋር ባትያ ተላኩ፤ ተመልሰውም በየመንደሩ መምህር ሆኑ። ሰንበት ሳይገባ የበራ መብራት ሲነድ ቢያመሽ ኃጢአት የለውም ብለው አስተማሩ። ሽማግሌዎቹ «እሳት በሰንበት?» ብለው ደነገጡ። በየቤቱ አባትና ልጅ ተኳረፈ።

በእኛም ቤት እንዲሁ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ከመምህሩ ተምሮ መጣና አርብ ማታ ጧፍ አበራ። አባቴ አንድም ቃል ሳይናገር ወጥቶ ደጅ ላይ ተቀመጠ። በሚቀጥለው አርብ እናቴ ጧፏን ቆርጣ የጣት ታህል አደረገቻት። አባቴ ከጸሎት ቤት እስኪመለስ ጧፏ ነድዳ አለቀች። ልጇም አበራ፣ ባሏም በጨለማ በላ። ሁለቱም ነገሩን ያውቁ ነበር፤ ማንም ግን አላነሳውም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቤቷ እንዳይፈርስ ግን ታውቅበታለች።

አሁን የልጅ ልጆቼ ሻማ በቤት መሥራት ይወዳሉ፤ ደግ ነገር ነው። ግን ሐሙስ ሥሩት፤ አርብ ጥድፊያ ነው። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። የንብ ሰም በ60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጦ ማቅለጥ ይበቃል። ልጅ ብቻውን ከምድጃው አጠገብ አይቁም። እሳት ከያዘው ውኃ አትድፉበት፣ ይፈነዳል፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ ክዳን ክደኑበት። የተረፈውንም ወደ መታጠቢያው ቧንቧ አታፍስሱ፣ ይረጋና ይዘጋዋል። ሻማው ሲቆይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካወጣ አትጣሉት፤ የንብ ሰም ጠባዩ ነው፣ በጨርቅ ይጠረጋል። እንደ ጧፍ አታቅጥኑት፣ እራት ሳያልቅ ያልቅባችኋል።

አርብ ማታ ስታበሩም ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ «አያቶቻችን አያውቁም ነበር» አትበሏቸው። «አውቀው ያጠፉት ነበር» በሏቸው።

ሰንበት ሰላም።