የጎጃም ባሳልትና የሙዚየም መሳቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከጮቄ ተራራ በስተምዕራብ ደምበጫ የምትገኝበት የጎጃም ደጋ ወለሉ ባሳልት ነው፤ ባሳልት ማለት ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ የረጋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት ሲሆን፣ የአብዛኛው ዕድሜ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት፣ በላዩ የተቆለለው የጮቄ ደግሞ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከባሳልቱ ሥር ያለው የቀደመ ዘመን የሚታየው ዓባይ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል በቆረጠው ገደል ነው፤ በዚያም አሸዋ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና ከባሕር ወለል የተፈጠረ ኖራ ድንጋይ ተደራርበው ይገኛሉ።

ለእነዚህ ንብርብሮች ዛሬም የሚሠራባቸውን ስሞች ያወጣው ሰው ናሙናዎቹን የለቀመው ከጎጃም አይደለም። በሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ ተጉዞ ዓለትና እንስሳት ሰበሰበ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉም አሸዋ ድንጋዩን በአዲግራት፣ ኖራ ድንጋዩን በእንጣሎ፣ ባሳልቱን በአሸንጌና በመቅደላ ስም ጠራ። ያው ዘመቻ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አስከትሎ የመቅደላን ብራናዎች ጭኖ የሄደ በመሆኑ፣ የድንጋይ ለቀማው ከዘረፋው ጎን ለጎን የተከናወነ ሥራ እንደነበር አይዘነጋም።

በባሳልት አገር ቅሪተ አካል፣ ማለትም ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የጥንት ሕያው ፍጥረት ቅሪት፣ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስላል። ይሁን እንጂ ፍሰቶቹ አንዱ ሌላውን ወዲያው አልተከተሉም፤ በመካከላቸው በነበረው ረጅም ፋታ ወንዝና ሐይቅ ያስቀመጡት ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ደለል ከጣና በስተሰሜን በጭልጋ ተገኝቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ከዚህ ደለል የጥንት ዝሆኖችንና አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን የነበሩትን አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳ ገለጸ። የጭልጋ ጥርስና አጥንት የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቻለው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከግብፅ ፋዩም ተለቅሞ በካይሮ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ሙዚየሞች የተከማቸው አጥንት ነው፤ ለቃሚዎቹ ግን ስለ ጭልጋ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለው ንጽጽር የሚሠራው እያንዳንዱ ናሙና ከየት ቦታና ከየትኛው ንብርብር እንደተነሣ በጽሑፍ ተይዞ ሲቆይ ብቻ ነው።

የጭልጋ ስብስብ አገሩን አልለቀቀም። ከዝሆን የሩቅ ዘመዶች አንዱ በ2004 እ.ኤ.አ. ቺልጋቴሪየም ተብሎ ሲሰየም ስያሜው የተመሠረተበት ናሙና በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ስለተቀመጠ፣ የፋዩምን አጥንት ፍለጋ ለንደን የሚሄድ ተመራማሪ ለዚህኛው አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ይኖርበታል።