ተለዋዋጭ የአየር ሁኔታና ረጅም የሞተር ሳይክል ጉዞ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣርማበር አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ደብረ ሲና ያዘቀዝቃል። በዚህ አጭር ርቀት አሽከርካሪውን ብርድ፣ ጉምና ዝናብ በተከታታይ ሊያጋጥሙት ይችላሉ።

ዝናብ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ስለሚቀላቀል መንገዱ ይበልጥ ያንሸራትታል። ስለሆነም ፍጥነትን መቀነስ፣ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ መራቅና ሁለቱን ፍሬኖች በእርጋታ መያዝ ያስፈልጋል።

ረጅም መብራት ከጉሙ ተንጸባርቆ እይታን ስለሚጋርድ አጭሩን ማብራት ይገባል። የራሰ ልብስ በነፋስ ሰውነትን ፈጥኖ ያቀዘቅዛል፤ ጣቶች ሲደነዝዙም ፍሬን የመያዝ አቅም ይዳከማል። በመሆኑም የዝናብ ልብስና ጓንት ከመነሻው መያዝ አለባቸው። መብረቅ ካለ ጉዞውን አቋርጦ ከዛፍ ሥር ሳይሆን ቤት ውስጥ መጠለል ይገባል።