የቁጥር 40 ምድር ቤት

ስሙኝማ። አገሩ እንግሊዝ ነው፣ ከተማው ለንደን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1854። ሶሆ በሚሉት ሰፈር፣ ብሮድ ስትሪት ላይ፣ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት የውሃ ጉድጓድ ነበረ። ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ ጣዕሙ የተመሰገነ። ቅርባቸው ያለውን ፓምፕ ትተው ወደዚህኛው የሚመላለሱ ነበሩ። ሰፈሩን ለቀው ሃምፕስቴድ የገቡ አንዲት ባልቴትማ ጣዕሙን መርሳት ቢያቅታቸው፣ በየቀኑ በጋሪ በጠርሙስ እያስመጡ ይጠጡት ነበር።

ኦገስት 31 ሌሊት ኮሌራ ሰፈሩን መታው። በ10 ቀን ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ሃምፕስቴድ ያሉት ባልቴትም ያንን ጠርሙስ ጠጥተው ሞቱ። ልትጠይቃቸው የመጣች የእህት ወይ የወንድም ልጅም ከውሃው ቀምሳ ኢዝሊንግተን ወደሚገኝ ቤቷ ተመለሰች፤ እሷም ሞተች። በሁለቱም ሰፈር ያኔ ኮሌራ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ግን ነገሩ ከውሃው ነው ብሎ ቤት ለቤት ዞረ። እዚያው መንገድ ላይ ያለው የቢራ ፋብሪካ የራሱ ጉድጓድ ነበረው፤ ሠራተኞቹም የሚጠጡት ቢራ ነው፤ ከ70 በላይ ሆነው አንድም በኮሌራ አልሞተባቸውም። ሴፕቴምበር 7 ማታ ስኖው ከሰበካው ሹማምንት ፊት ቀርቦ አስረዳ። በማግስቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ብዙ ተራኪ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ አላቆምም፤ ጉድጓዱን ማን እንደበከለው ገና አልታወቀማ! ውሃው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነጫጭ ብናኝ እንጂ የሚያስፈርድ ነገር አልተገኘበትም። ጉድጓዱን ከፍተው የውስጡን ግንብ መረመሩ፤ ጡቡ ደህና፣ ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው። እንግዲህ ምን ይባላል? ጉድጓዱ ነፃ ነው ተባለ።

ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል ወጣት ረዳት ቄስ ነበረ። ሰፈሩን ያውቃል፣ ሟቾቹን አስታሟል። ስኖው ተሳስቷል ብሎ ስለሚያምን ያንን ሊያረጋግጥ ተነሣ። ለወራት ከየቤቱ እየገባ ማን ምን ጠጣ፣ መቼ ታመመ እያለ ሲጠይቅ የራሱ ማስረጃ ወደ ስኖው መለሰው። አንድ ቀን የሟቾችን መዝገብ ሲያገላብጥ ዓይኑ አንዲት የ5 ወር ሕፃን ላይ አረፈ። ቤቷ ቁጥር 40፣ ፓምፑ ደጃፍ ላይ ነው። ሕመሟ የጀመረው ደግሞ ሰፈሩ ከመመታቱ ቀደም ብሎ። ወደ እናትየው ሄዶ ጠየቀ። የልጄን ጨርቅ በባልዲ ዘፍዝፌ፣ እጣቢውን ምድር ቤት ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ እደፋው ነበር አለችው።

አንዲት ሐዘንተኛ እናት ዘንድ ቁጭ ብሎ እጣቢሽን የት ደፋሽ ብሎ የጠየቀ ሌላ አልነበረም። ለእኔ ከእጀታው መነቀል ይህ ጥያቄ ይበልጣል።

በኤፕሪል 1855 ዮርክ የሚባል ቀያሽ የቁጥር 40ን ምድር ቤት አስቆፈረ። የፍሳሽ ጉድጓዱ ጡብ በስብሷል፤ ያለ መሣሪያ በእጅ ይነሣል። ጡቡን ያያያዘው ኖራ ሟሙቶ አልቋል። ወደ ዋናው ቱቦ መሄድ የነበረበት ፍሳሽ መውጫው ስለታፈነ ወደ ኋላ ይመለስና በግንቡ ይሰርጋል። ከዚያ እስከ ውሃው ጉድጓድ ያለው ርቀት አንድ ሜትር አይሞላም፤ መሐሉ ያለው አፈር ረግረግ ሆኗል። ዓይን ደህና ነው ያለው የውሃ ጉድጓድ ግንብ እጣቢውን ሲያሳልፍ ኖሯል።

እኛ ዘንድም ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ውሃውን ላብራቶሪ ያስመረምራል፤ ደግ አደረገ። ደንቡ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ የሚባለው የዓይነ ምድር ባክቴሪያ እንዳይገኝ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው ግን ያን ዕለት ስለተቀዳው ውሃ ነው። ከጀርባው ያለው ሽንት ቤት ስንት ሜትር ይርቃል? 30 ይሞላል? ሴፕቲክ ታንኩ ከተሠራ ወዲህ ልስኑን ያየው አለ? የቧንቧ ሠራተኛ በተጠራ ቁጥር ይህንንም አብሮ ማሳየት ነው እንጂ!

የቁጥር 40 ነገር ገና አላለቀም። የሕፃኗ አባት ፖሊስ ነበር፤ እሱም ታመመ። የታመመው ሴፕቴምበር 8፣ እጀታው በተነቀለበት በዚያው ቀን ነው። ሚስቱ የእሱንም እጣቢ እዚያው ጉድጓድ ደፋች። ሰውየው ከ11 ቀን በኋላ ሞተ። እጀታው በቦታው ቢሆን ኖሮ ብሮድ ስትሪት ያንን ሁሉ እንደገና ይጠጣው ነበር።