ቴራቶጅን፦ ጽንስ አዛቢ

ሐኪሞች ቴራቶጅን የሚሉት፣ ጽንስ አካሉ ገና በሚሠራበት ጊዜ አፈጣጠሩን የሚያዛባ ማንኛውንም ነገር ነው። አልኮል፣ ጨረር፣ እንደ ሩቤላ ያለ ቫይረስ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ጽንስ አዛቢ» ቢባል ይስማማዋል። «የጽንስ መርዝ» የሚለውን አልመርጠውም፤ መርዝን ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፣ ጽንስ አዛቢው ግን ብዙ ጊዜ እናትየውን የሚያድናት ክኒን ነው። ጉዳቱ በመጠኑና በተወሰደበት ሳምንት ይወሰናል።

ዓለም ይህን በታሊዶማይድ ተማረ። ማስታገሻው በ1957 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀረበ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከዚያው ገበያ ቢነሳም፣ በዓለም ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት፣ አብዛኞቹ እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ተወለዱ።

ለእኛ ቀረብ ያለው ምሳሌ የታይሮይድ መድኃኒት ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ ሲያመርት ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። ይህን ለማብረድ ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል ይታዘዛል፤ ካርቢማዞልም ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሜቲማዞል ይለወጣል። ሜቲማዞል ጽንስ አዛቢ ነው። የሕፃኑ የራስ ቆዳ በከፊል ሳይሠራ ሊቀር፣ የአፍንጫው የኋላ ቀዳዳ ወይም የምግብ ቧንቧው ሊደፈን፣ የሆድ ግድግዳውም ሳይዘጋ ሊወለድ ይችላል። መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ ሲደርስ ግን ከባድ ነው።

አደጋው የሚበረታው ከመጨረሻው የወር አበባ ተቆጥሮ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ማርገዟን ያላወቀች ብዙ ናት። በአገራችን ብዙ እናቶች የእርግዝና ክትትል የሚጀምሩት ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የምትወስድ፣ መውለድም የምትችል ሴት ሁሉ ማርገዝ ሳታስብ በፊት ስለ አደጋው ሊነገራት ይገባል። ሐኪሞች ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፒቲዩን ይመርጣሉ። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል፣ ቀለል ያሉ የአፈጣጠር ችግሮችም ከእሱ ጋር ተያይዘዋል።

«ጽንስ አዛቢ» የሚለውን ስም ሰምታ መድኃኒቷን በራሷ የምታቆም ሴት ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንባታል። ያልታከመ የታይሮይድ መብዛት ጽንስ ያስወርዳል፣ ያለጊዜው ያስወልዳል፣ የእናትየውንም ልብ ያደክማል። መድኃኒቱን የሚቀይረውም የሚያቆመውም ሐኪሟ ነው።

የዕጢው ሆርሞን ያነሳት ሴት ጉዳይ ሌላ ነው። የምትወስደው ሌቮታይሮክሲን ጽንስ አዛቢ አይደለም፤ የሚጎዳው መተዉ ነው። ጽንሱ የራሱ ዕጢ በቂ ሆርሞን ማምረት እስኪጀምር፣ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ገደማ ድረስ፣ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚህም ስታረግዝ የመድኃኒቱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ይጨመርላታል። በክትትል ወቅት የሚሰጣት የአይረን ክኒን ሌቮታይሮክሲን በደንብ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ፣ ሁለቱ ቢያንስ በ4 ሰዓት ይራራቁ። ይህን የሚነግራት ሰው ብዙ ጊዜ አታገኝም።

አዮዲን በሚለው ቃልም መሳሳት ይመጣል። ለታይሮይድ ሕክምና የሚሰጠው ጨረራማ አዮዲን የጽንሱን ዕጢ ሊያጠፋ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። በምግብ የሚገኘው አዮዲን ግን በእርግዝና በቀን 250 ማይክሮግራም ያህል ያስፈልጋል፤ እጥረቱ ሲጠና ልጁን ለዘለቄታ የአእምሮ ዝግመት ይዳርጋል። አዮዲኑ እንዳይባክን፣ አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም የሚጨመረው ከእሳት ሊወርድ ሲል ይሁን።